በሩን የዘጋው ፍርድ

ያፌት በሞተ ጊዜ እድሩ ድንኳን አልጣለም።

ሚስቱ ሶልያና ሬሳውን ከማዘጋጃ ቤቱ ማቀዝቀዣ ተቀብላ፣ ሁለት ቅጥር ቆፋሪዎችና አንድ ቄስ ይዛ ጎህ ሳይቀድ ቀበረችው። በድሬዳዋ ከንጋት በፊት ካልሆነ መቅበር የቀረው ከብዙ ዓመት ጀምሮ ነው፤ ፀሐይ ወጥታ መቃብር ዳር የቆመ ቀባሪ ራሱ ተቀባሪ ይሆናል። ቄሱ ፍትሐቱን እያጣደፉ ጨረሱና ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብለው፣ "ማስታወቂያውን አላየሁትም። ከጠየቁኝም የምለው እንደዚያ ነው" አሏት።

ማስታወቂያው ከዋዜማው ጀምሮ በሰፈሩ ሰው ሁሉ የእጅ አምባር ላይ ተነቧል። "አቶ ያፌት በፈቃዳቸው ከዚህ ዓለም ስለተለዩ እድሩ የመቅበርም ሆነ የማስተዛዘን ግዴታ የለበትም።" ከጎረቤት አንድ ሰው ብቅ አላለም። ያፌት ልጆቻቸውን ሩጫና ዋና ያስተማረላቸው፣ ሲጣሉ የገላገላቸው ሰዎች ነበሩ።

በዚያን ዘመን እድር ብቻውን የቆመ ነገር አልነበረም። የየሰፈሩ እድር "ጥላዬ" ከሚባለው የሕይወት መድን ድርጅት ጋር ተዋውሎ ነበር፤ አባሉ ሁሉ የጥላዬን አምባር እጁ ላይ አስሮ ይውላል፣ አስሮት ይተኛል። አምባሩ የልብ ምት ይቆጥራል፣ ላብ ይለካል፣ ድስት ውስጥ ዘይት ሲበዛ "ይብቃዎ" ይላል። የአንዱ ጥፋት ለሁሉም ይተርፋል። አንዱ ጨው ካበዛ የመንገዱ ነዋሪ በሙሉ ነጥብ ይቀነስበታል፣ መዋጮውም ከፍ ይላል። ስለዚህ ሰው የጎረቤቱን ድስት እንደ ራሱ ድስት ይጠብቃል። ከሁሉ የከበደው ግን የቀይ ሰዓት ሕግ ነው። ከረፋድ እስከ አመሻሽ፣ ፀሐይዋ ሰው በምትጥልበት ሰዓት፣ ከቤት የወጣን ሰው አምባሩ ሦስት ጊዜ ያስጠነቅቀዋል። ከሦስተኛው በኋላ የሚደርስበት ሁሉ በፈቃዱ እንደ ደረሰ ይቆጠራል።

ያፌት ጡረታ የወጣ የስፖርት አስተማሪ ነበር። ረጅም ነው፣ ድምፁ ወፍራም፣ ቤት መቀመጥ የማይሆንለት ሰው። ቀይ ሰዓት ሲገባ ሳሎኑን ከግድግዳ ግድግዳ እየተመላለሰ ይለካዋል። ሶልያና ደግሞ የከተማው ምግብ በሚቀመጥበት ቀዝቃዛ መጋዘን ትሠራለች፤ ሠራተኛው ማለዳ ገብቶ ፀሐይ እስክትበርድ አይወጣም። በሞተበት ቀን በስልክ ስለ ምሳ ሲያወሩ ነበር። ሽንኩርቱ አልቋል ብሎ ሲያማርርባት በመካከል ዝም አለ።

"ምነው?" አለችው።

"አዴ ሩቅያ አስፋልቱ ላይ ተቀምጣለች። ጫማም የላት። ቆይ፣ መልሼ እደውላለሁ።"

አልደወለም። አዴ ሩቅያ ከፊት ለፊታቸው ያለችው አሮጊት ናት፤ የእድሩ ሊቀመንበር የኢምራን እናት። ያን ቀን ማታ ሶልያና ቤቷ ስትደርስ የማዘጋጃ ቤት ሰዎች የያፌትን ሬሳ ወስደውት ነበር። የወደቀው ከኢምራን በር ወደ ራሱ በር ሲመለስ፣ መንገዱ መሐል ላይ ነው። አዴ ሩቅያ ግን ቤቷ ውስጥ በደኅና ተኝታ ነበር።

ሶልያና "በፈቃዳቸው" የሚለው ይነሳልኝ ብላ ጥላዬን ከሰሰች። የመጀመሪያው ፍርድ ቤት ለጥላዬ ፈረደ። ከዚያ ይግባኙን ይዛ ወደ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ሄደች፤ ጠበቃዋ ኬብሮን የምትባል፣ ፈጣን፣ ስታወራ ሰዓቷን የምታይ ወጣት ነበረች።

"ሁለት መንገድ አለን፣ ወይዘሮ ሶልያና" አለቻት። "ሰው ሊያድን ነው የወጣው ብለን መከራከር እንችላለን። ግን ምስክር የለንም፣ ውሉም ሰው ማዳን የሚባል ነገር አያውቅም። ሁለተኛው፣ ሙቀቱ አእምሮውን አስቶት ነበር ማለት ነው። የሚያደርገውን የማያውቅ ሰው ፈቃድ የለውም፤ ፈቃድ ከሌለው 'በፈቃዱ ሞተ' አይባልም። የሚያዋጣን ይሄኛው ነው።"

"ያፌት አላበደም።"

"አበደ አላልኩም። ማመዛዘን አልቻለም ነው ያልኩት።"

"ያው አይደለም እንዴ?"

"በሕግ ያው አይደለም።"

"በሰፈርስ?"

ኬብሮን ሰዓቷን አየች።

ሶልያና ምስክር ፍለጋ ኢምራን ዘንድ ሄደች። ማለዳ ነበር፤ ሰው ሁሉ ከፀሐይ ቀድሞ ገበያውን፣ ጠቡንና እርቁን በሚጨርስበት ሰዓት። ኢምራን በሩን ገርበብ አድርጎ በክፍተቱ ቆመ። ጨርቅ ነጋዴ ነው፤ ደረቱ ሰፊ፣ ፊቱ ቶሎ የሚቀላ።

"አንቺን ማናገር ነጥብ ያስቀንሳል፤ ታውቂያለሽ" አላት።

"አውቃለሁ። እናትህ ያን ቀን ወጥታ እንደነበር ለዳኛዋ ንገርልኝ።"

"እናቴ አልጋዋ ላይ ነበረች። መረጃው አለ።"

"አልጋዋ ላይ የነበረው አምባሯ ነው። ያሳክከኛል ብላ እንደምታወልቀው ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።"

ኢምራን መንገዱን ግራና ቀኝ ቃኘ፤ ድምፁንም ዝቅ አደረገ። "ስሚኝ አቦ። 'ትረሳለች፣ ወጥታ ትጠፋለች' ተብላ ብትመዘገብ ጥላዬ ማቆያ ያስገባታል። ማቆያውን አይተሽው ታውቂያለሽ? እኔ አይቻለሁ። ሰው እንደ ማዳበሪያ ከረጢት ተደርድሮ ነው የሚቀመጠው። ያንቺ ሰው ሞቷል፤ የእኔ እናት ገና በሕይወት አለች። ለሞተ ብዬ ያለችውን አልቀብርም።"

"ለዳኛዋ አትንገር እሺ። ለእኔ ንገረኝ። ማነው ያስገባት?"

ከውስጥ የአሮጊት ድምፅ መጣ። "ኢምራን! ማነው በሩ ላይ? ያ ረጅሙ ሰውዬ ከሆነ አስገባው እንጂ! ፀሐይ ላይ ታቆመዋለህ?"

ሁለቱ ተያዩ። ኢምራን በሩን ዘጋባት።

ችሎቱ የተሰየመው ገና አየሩ ቀዝቀዝ እንዳለ ነው። አዳራሹ ሞልቶ ነበር፤ የመጣው ሰው ግን ለሶልያና አልነበረም። እሷ ከረታች የመላው ሰፈር መዋጮ ይጨምራል የሚል ወሬ ተነዝቶ ነበርና፣ ስታልፍ እግራቸውን የሚሰበስቡላት እንኳ ጥቂት ነበሩ። ኢምራን እጁን አንስቶ ማለና እናቱ ያን ቀን ከአልጋዋ እንዳልወረደች መሰከረ። ሲመሰክር ዓይኑን ከወለሉ አላነሳም።

ቀጥሎ የጥላዬ ጠበቃ አቶ ናሆም ከያፌት አምባር የተወሰደውን ድምፅ አሰማ። አምባሩ በሕግ የሚያስቀምጠው ለእሱ ለራሱ የተባለውን ብቻ ነው፤ ባለቤቱ ከሌላ ሰው ጋር ያወራው ሁሉ አይቀዳም። መጀመሪያ የአምባሩ ለስላሳ የሴት ድምፅ መጣ፤ "አቶ ያፌት፣ ቀይ ሰዓት ነው። እባክዎ ይመለሱ።" ቀጥሎ፣ "አቶ ያፌት፣ ሕይወትዎ አደጋ ላይ ነው።" ያፌት እያለከለከ፣ ከባድ ነገር እንደተሸከመ ሰው፣ "ሰማሁ አቦ!" አለ። በሦስተኛው፣ "ከዚህ በኋላ ለሚደርሰው ጥላዬ ኃላፊነት የለበትም" ሲለው፣ "ሰማሁ አልኩሽ እኮ! እንግዲህ ምን ላድርግሽ?" ብሎ ጮኸ።

አዳራሹ ውስጥ አንድ ሰው ሳቀ። ሶልያና ያፌት ከሞተ ወዲህ ድምፁን ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነበር። ሽንኩርት ስለማለቁ ሲነጫነጭ የነበረው ያው ድምፅ ነው። አላለቀሰችም፤ ልታለቅስ ብትል ያ የሳቀው ሰው እንደሚያያት አሰበች።

"ሟች ሰምተዋል፣ ገብቷቸዋል፣ መልሰዋልም" አለ ናሆም። "ከዚህ በላይ ፈቃድ ምን አለ?"

ኬብሮን ተነስታ ስለ ሙቀትና ስለ አንጎል ብዙ ተናገረች። በዚያ ፀሐይ ሰው የሚለው ነገር ሁሉ እንደ ወባ ቅዠት ነው አለች። በመጨረሻም ዳኛ አርሴማ፣ ፊታቸው ከቁጣም ከርኅራኄም ባዶ የሆነ ትልቅ ሴት፣ ወደ ሶልያና ዞሩ።

"ወይዘሮ ሶልያና፣ ባለቤትዎ በዚያ ሰዓት የሚያደርጉትን ያውቁ ነበር ብለው ያምናሉ?"

ኬብሮን ቀድማ አስጠንታታለች። መልሱ አንዲት ቃል ናት፤ "አላምንም።" ሶልያና ቆመች።

"ያውቅ ነበር" አለች።

ኬብሮን ዓይኗን ጨፈነች።

"የጎረቤት እናት አስፋልት ላይ ቁጭ ብላ አይቶ ነው የወጣው። ለእኔ ነግሮኛል። ይሞታል ብሎ አላሰበ ይሆናል፤ ማን ያስባል? የሚያደርገውን ግን ያውቅ ነበር። ቅዠት አልነበረም። እሱ እንደዚያ ነው። ብርድም ቢሆን፣ ጎርፍም ቢሆን ይወጣ ነበር።"

"ውሸታም!" የሚል ድምፅ ከኋላ ተሰማ። ዳኛዋ ጠረጴዛውን መቱ። ናሆም ፈገግ ብሎ፣ ተጨማሪ ጥያቄ የለኝም አለና ተቀመጠ።

"ጉዳዩን በገዛ እጅዎ ገደሉት" አለቻት ኬብሮን በመውጫው ላይ። ከዚያ በኋላ እስከ ውሳኔው ቀን አልደወለችላትም።

ውሳኔው ግን ማንም እንዳሰበው አልሆነም። ዳኛ አርሴማ እየቆራረጡ፣ እያንዳንዱን ቃል እየረገጡ አነበቡት። "ሟች በዚያ ሙቀት ውስጥ የማመዛዘን አቅም ነበራቸው ብሎ ፍርድ ቤቱ አይገምትም። የባለቤታቸው ቃል ከሐዘን የመነጨ በመሆኑ ክብደት አልተሰጠውም። መልስ ሰጪው ድርጅት አደጋውን አስቀድሞ እያወቀ፣ የሟችን በር ለመዝጋት የሚያስችል መሣሪያም እያለው፣ በቃል ማስጠንቀቅ ላይ ብቻ መቆሙ ኃላፊ ያደርገዋል። ሰውን ከራሱ ያልጠበቀ ጠባቂ አይባልም።"

የበታቹ ፍርድ ቤት ውሳኔ ተሻረ። ሶልያና ረታች።

ኬብሮን ዘልላ አቀፈቻት። "ይሄ እኮ በታሪክ የሚጠቀስ ውሳኔ ነው!"

"ስለ አዴ ሩቅያ ምን አለች?"

"ማ?"

"ዳኛዋ። ያፌት አንስቶ ስላስገባት ሴትዮ።"

"ምንም አላሉም። ለውሳኔው አያስፈልግም ነበር።"

ናሆም መጥቶ በአክብሮት እጇን ጨበጠ። የተሸነፈ ሰው አይመስልም ነበር። "እንኳን ደስ ያለዎት። ጥላዬ ውሳኔውን በሙሉ ልብ ያከብራል" አላት። ሶልያና ይህን የሰማችው በጎ ንግግር መስሏት ነው።

በማግስቱ ድንኳን ተጣለ። "በፈቃዱ" የሚለው ከያፌት ስም ላይ ስለተነሳ እድሩ ግዴታ ነበረበት። ሰፈሩ ጎህ ሲቀድ መጣ፤ ወንበር ላይ ተደረደረ፤ ፊቱንም ወደ ውጭ አዙሮ ተቀመጠ። እያንዳንዱ ሲገባ አምባሩን ከድንኳኑ ምሰሶ አስነክቶ መምጣቱን ያስመዘግባል፤ የተወሰነው ሰዓት ሲሞላ አምባሩ ይንጫጫል፤ ያኔ ተነስቶ ይወጣል። "እግዜር ያጥናሽ" ያላት ሰው አልነበረም። አንዲት ልጆቿን ያፌት ዋና ያስተማረላት ሴት ብቻ ስትወጣ ጎንበስ አለችና፣ "ገንዘቡ ገባልሽ አይደል?" አለቻት። ሶልያና የተዘረጋውን የእድር ወንበር እያየች ቀረች። ለዚህች ድንኳን ነበር ይግባኝ ያለችው።

ብዙም ሳይቆይ የጥላዬ ሠራተኞች በየቤቱ ዞሩ። ጨዋዎች ነበሩ፣ ጫማቸውን አውልቀው ነው የሚገቡት። የከፍተኛው ፍርድ ቤት ውሳኔ በሚያዘው መሠረት ነው እያሉ በየበሩ ላይ ቁልፍ ገጠሙ። ከዚያ ወዲህ ቀይ ሰዓት ሲገባ የመንገዱ በር ሁሉ ባንድ ጊዜ ቀጭ ይላል፤ ሲመሽም ባንድ ጊዜ ይከፈታል። በመሐሉ ባለቤቱም ቢሆን መክፈት አይችልም። በረንዳ ላይ ልብስ ማስጣት ቀረ። እሑድ ከሰዓት በኋላ በግንብ ጥግ ጥግ እየታከኩ ጎረቤት መጠየቅ፣ ሁሉም እያየ እንዳላየ የሚያልፈው ያ ትንሽ ሕገወጥነት፣ ቀረ።

ሰው ይህን በጥላዬ ላይ አላሳበበም። በሶልያና ላይ አሳበበ። ዳቦ ቤቱ ስትመጣ "አልቋል" ይላታል፤ ከኋላዋ ለቆመችው ይሸጣል። አንድ ቀን በአጥሯ ላይ በቀይ ቀለም ተጽፎ አገኘች፤ "ባሏን ሸጣ በር ገዛችልን።" በሳሙና ፈተገችው፣ ቀለሙ አልለቀቀም። ኢምራን እንደ ሊቀመንበርነቱ በእድሩ ስብሰባ ላይ ስሟን ሳይጠራ፣ "አንድ ሰው ፍርድ ቤት ሮጦ ሺህ ሰው እስረኛ አደረገ" አለ። ሁሉም አጨበጨበ። እሷም እዚያው ነበረች። ወንበሯን አንስታ ልትወጣ ፈልጋ፣ ስብሰባ ጥሎ መውጣት ነጥብ እንደሚያስቀንስ ትዝ አላትና ቁጭ አለች። ከዚህ ሁሉ ይልቅ ያስቆጣት ይሄ ነበር፤ ቁጭ ማለቷ።

በሚያዝያ፣ ሥራ በማትገባበት ቀን፣ መስኮት ሥር ቆማ ሰሐን ስታጥብ የጋሪ ድምፅ ሰማች። አንድ ገጠሬ ቲማቲም የጫነ የእጅ ጋሪ እየገፋ መንገዱን ይወጣል። አምባር የለውም፤ ቀይ ሰዓት የሚሉትንም ነገር በቅጡ የሚያውቅ አይመስልም፣ ወይም ገበያ አምልጦት ነው። በሯ ፊት ለፊት ሲደርስ፣ በመንገዱ ማዶ ቆመ። ግንባሩን በእጁ ከለለ። ከዚያ እንደ ደከመው ሰው ቀስ ብሎ ተቀመጠ፤ በጎኑም ተኛ።

ሶልያና ወደ በሩ ሮጠች። አምባሯ፣ "በሩ ለደኅንነትዎ ተዘግቷል" አላት። ለአስቸኳይ እርዳታ ደወለች። ያው ለስላሳ ድምፅ፣ "የተጠቀሱት ግለሰብ አምባር ስለሌላቸው ማንነታቸውን መለየት አልቻልንም" ብሎ መለሰላት። በየመስኮቱ ፊት ነበረ። ልጆች አፍንጫቸውን መስታወቱ ላይ ለጥፈው ያያሉ። እናቶች ከኋላ መጥተው ልጆቹን ይስባሉ፤ መጋረጃም ይዘጋል። ከፊት ለፊቷ መስኮት ኢምራን ቆሞ ነበር። ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። እሱም መጋረጃውን ሳበ።

ከአልጋው ሥር ያፌት ከትምህርት ቤት ጡረታ ሲወጣ የሰጡት የአሎሎ ብረት ነበር። በሁለት እጇ ታቅፋ አመጣችውና የወጥ ቤቱን መስኮት መታችው። በመጀመሪያው ተሰነጠቀ፤ በሁለተኛው ወደ ውጭ ፈሰሰ። የመስኮቱን ጠርዝ ፎጣ አልብሳ ዘለለችው።

ሙቀቱ እንደ ሰው ተቀበላት፤ አንገቷን ይዞ ወደ ታች ገፋት። ጫማዋ አስፋልቱ ላይ ይጣበቃል። አምባሯ አንድ ጊዜ ተናገረ፣ ደገመ፣ ሠለሰ፤ "ወይዘሮ ሶልያና፣ ውልዎ ከዚህ ደቂቃ ጀምሮ ተቋርጧል" ብሎ ዝም አለ። ሰውየው ይተነፍሳል። ብብቱን ይዛ ጎተተችው፤ ከባድ ነበር። አንድ ክንድ ያህል ፈቀቅ አለ። ደግማ ጎተተችው። ዓይኗ ውስጥ ነጭ ነጭ ነገር ይበር ጀመር።

"ሰው ነው እኮ!" ብላ ጮኸች ወደ መስኮቶቹ። "ምን ሆናችሁ? ሰው ነው እኮ!"

መጋረጃዎቹ አልተነቃነቁም። ከአንዱ ቤት ውስጥ፣ "ነጥባችንን ልትጨርስ ነው ይቺ ሰይጣን!" የሚል ተሰማ። ተቀመጠች፤ የሰውየውን ራስ ከጥላዋ ሥር አደረገች፤ የነበራት ጥላ ያችው ብቻ ነበረች።

መስታወት ሲሰበር ሰማች። ኢምራን በመስኮቱ ግማሽ አካሉን አውጥቶ፣ ተቀርቅሮ፣ ቀኝና ግራውን እየረገመ ወጣ። እጁ ይደማል። እየሮጠ መጣ፤ እየሮጠም ይሳደባል።

"አንቺ ሴትዮ! ባልሽ አይበቃም? ልትፈጂን ነው? ሰፈር ሙሉ ልትፈጂ ነው? ተነሺ፣ ብብቱን ያዢ! በደንብ ያዢው እንጂ! እንደዚህ ነው ሰው የሚያዘው?" እግሮቹን አነሳ። "ወዴት ነው የምትጎትቺው? ወደ እኔ ቤት ነው የሚቀርበው! ደንቆሮ!"

ተሸክመውት በተሰበረው መስኮት አሳለፉት፤ የኢምራን ሳሎን ወለል ላይ አስተኙት። አዴ ሩቅያ ጥግ ላይ ተቀምጣ፣ "እሰይ፣ አስገባችሁት" አለች። ኢምራን እናቱን አላያትም። ፎጣ አርሶ በሰውየው አንገት ላይ ጣለ። ሰውየው ከንፈሩን አንቀሳቀሰ፤ "ቲማቲሜ" አለ።

"ቲማቲምህ ገሃነም ይግባ!" አለው ኢምራን።

ሶልያና ግድግዳውን ተደግፋ ትተነፍሳለች። የኢምራን አምባርም ሦስቱን ማስጠንቀቂያ ጨርሶ ዝም ብሏል። ከደረቱ የሚወጣው ትንፋሽ ያፏጫል።

"ነገ ከእድሩ ትሰረዢያለሽ" አላት ሳያያት። "ላማልድሽ አልችልም። ደንብ ደንብ ነው።"

"አንተስ?"

ኢምራን የሚደማውን እጁን ተመለከተ፤ በሸሚዙ ጫፍ ጠቀለለው።

"እኔማ ሊቀመንበሩ ነኝ። መጀመሪያ የምሰርዘው ራሴን ነው።"

ወዲያው በመንገዱ ላይ ያለው አምባር ሁሉ ባንድ ጊዜ ጮኸ፤ የሰፈሩ ነጥብ ተቀንሶ ነበር። ከየቤቱ፣ በተዘጋው በርና በተጋረደው መስኮት በኩል፣ እርግማኑ መምጣት ጀመረ። የሶልያናን ስም የሚጠራ አለ፤ የኢምራንንም የሚጠራ አለ። ሰውየው ውሃ እየለመነ ነበር፤ ኢምራን ራሱን ቀና አድርጎ ያዘለት፣ ሶልያና ብርጭቆውን ወደ ከንፈሩ አስጠጋችለት።